ተራ ሰጪዋ

የእኛ ቤተሰብ ተራ ጠብቆ አያውቅም ነበር። በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ገርጂ አባባ ቤት ለምሳ ስንሰበሰብ አራታችንም እኩል እናወራለን፤ እኔ፣ ታናሽ እህቴ፣ ባሏ እና የመጨረሻው ወንድማችን። እህቴ የጀመረችውን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ወንድሜ ሁለታችንንም ያርመናል፣ የእህቴ ባል ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ወሬ ዳር ለማድረስ ይታገላል። አባባ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ከሞተር ጋር ሲፎካከር የኖረ ድምፃቸው የሁላችንንም ይውጠው ነበር።

እናታችን ካረፈች በኋላ ስኳር ዓይናቸውን ወሰደው። ያኔ ጫጫታችን ለእሳቸው መከራ ሆነ። «ማነው አሁን ያለው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚመልስላቸው ሳይኖር ወሬው ያልፋል። ቀስ በቀስ መጠየቁንም ተዉት። ጥግ ይዘው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ዝም ይላሉ። በቁማቸው እንዳናጣቸው ፈራን።

ወንድሜ እዚሁ ከተማችን ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ያለ የቴክኖሎጂ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። አንድ ጁምዓ በካርቶን ሮቦት ይዞ መጣ። የዘይት ጀሪካን የምታክል ነጭ ነገር ናት፤ ዓይኖቿ ሁለት ሰማያዊ መብራቶች፣ አንገቷ ዞር ዞር የሚል። «ለሙከራ ነው፤ ሰው ሰብሰብ ያለበት ቦታ ጨዋታ ትመራለች» አለን። እኔ ሳቅሁ። «ይሄን ቤት የምትመራ ከሆነ ፓርላማም ትግባ!»

ሳቄ ግን አልቆየም። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር «ይቅርታ፣ ተራ በተራ» ትላለች፤ ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ። ወደሚናገረው ሰው ትዞርና ማን እንደሆነ ለአባባ ትነግራቸዋለች፤ እኔ ስሆን «ታላቋ ልጅዎ ናት» ትላቸዋለች። ዝም ያለ ሰው ካለ ፊቷን ወደ እሱ መልሳ ትጠብቃለች። የእህቴ ባል በመጀመሪያው ቀን አንድ ወሬ ከዳር እስከ ዳር አወራ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ያህል ጨዋታ አዋቂ መሆኑን ማናችንም አናውቅም ነበር። አባባ ቀና አሉ። ሳቁ። የአዋሽን መንገድ፣ የጎማውን፣ የጅቡን ታሪክ አንድ በአንድ አመጡት። ሮቦቷን «ልጅት» ማለት ጀመሩ። ወንድሜን አንገቱን አቅፌ ሳምሁት።

ቅር የሚል ነገር የመጣው ሳይታወቅ ነው። ልጅት እንድትረዳን ቀስ ብለን፣ ቃሉን ለይተን መናገር ለመድን። ከዚያ ያለ እሷም እንደዚያው ሆንን። እህቴ ስልክ ደውላ ስታወራኝ ድምፅዋ እንደ ባንክ የተቀዳ መልእክት ይሆንብኛል፤ እኔም ስመልስ ድምፄ ይገርመኛል። ስናወራ የምናየው እርስ በርስ ሳይሆን ሰማያዊዎቹን መብራቶች ነው። አንድ ቀን ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ስመለስ መውረጃዬን አየሁት፣ መጣ፣ አለፈ። «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አይደለም። ወደ እኔ የሚዞር ፊት እየጠበቅሁ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ዱዓው ነው። ከምሳ በኋላ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁናል። ምርቃት ብቻውን አይሄድም፤ እሳቸው አንድ ብለው ያርፋሉ፣ እኛ «አሚን» እንላለን፣ ከዚያ ሌላውን ይጨምራሉ። አሚን ያላገኘ መራቂ አይቀጥልም። ልጅት ያችን ማረፊያ ከእኛ ይልቅ በደንብ ያዘቻት። ቀድማ «አሚን» ትላለች፣ እኛ እንከተላለን። ከአንድ አፍ እንደወጣ ያምራል። አባባ «እንደዚህ ነው እንጂ!» ይሉ ነበር፤ ደስታቸውን እያየሁ ምን አባቴ እላለሁ?

የመጨረሻው ጁምዓ ከዋዜማው ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቀኑ ብራ ነው፤ በረንዳው ክፍት፣ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ታች ኳስ ይመታሉ። በላን፣ እጃችንን ታጠብን። እኔ ከልጅት አጠገብ፣ አባባ ፊት ለፊት ነኝ። አባባ መዳፋቸውን ሲዘረጉ እሷ አንገቷን ደፋች፣ ሰማያዊው መብራት ደከመና ጠፋ። ቻርጅ ጨርሳለች። ሁላችንም አየናት። አባባ አላዩም።

«አላህ ልጆቼን በሰላም ያኑርልኝ» አሉና አረፉ።

እጆቻችን ተዘርግተዋል። ሁላችንም ጠቁሮ የቀረውን ፊት እናያለን። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያለሁት ቃል ነው፤ ግን የሚቀድመኝን እጠብቃለሁ። እህቴን በዓይኔ ጫፍ አየኋት፤ ከንፈሯ ተከፍቶ ቀርቷል። ባሏም እንደዚያው። ወንድሜ ሥራዬ ነው የሚለውን ነገር ትኩር ብሎ እያየ ላብ አጥምቆታል።

አባባ ጆሯቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። «አንዳችሁን ላንዳችሁ ይተውላችሁ» አሉ፤ ከቅድሙ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አሁንም ዓይናችን ከጠቆረው ፊት አልተነሣም።

መዳፋቸው ከአየር ላይ አልወረደም። ፈሩ። አባቴ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም፤ ዓይናቸው የጠፋ ቀን እንኳ አልፈሩም። ከዚያም፣ ሰው አጥር ውጭ ቆሞ እንደሚጣራው፣ እዚያው የገዛ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣

«ቤቶች?» አሉ።

ጮኼ፣ አልቅሼ፣ እንደ ድሮው የሁሉንም ወሬ አቋርጬ መመለስ ፈለግሁ። ከጉሮሮዬ የወጣው ግን ቀስ ያለ፣ ለስላሳ፣ ቃሉን ለይቶ የሚናገር ድምፅ ነው።

«አለሁ፣ አባባ።»

ፊታቸው ፈካ። ወደ እኔ ዞሩ፣ እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉ።

«አንቺማ አለሽ፣ ልጅት» አሉ። «ልጆቼ ወዴት ሄዱብኝ?»