ደረቴ ድረስ የቆፈርሁት ጉድጓድ

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ተሸሽጎ ይወጣል ይባላል። እኔ የወጣሁት ከምሳ በኋላ ነው። አባቴ እንደ ወትሮው ባና እየሠራ ነበር። ለከተሜዎች ልንገራችሁ፣ ባና ከበግ ጸጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው፤ የእኛ አገር ሸማኔ ደግሞ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው።

“አባዬ፣ መሄዴ ነው።”

“በል እንግዲህ፣ የቡሬው ሚኒባስ እንዳያመልጥህ” አለኝ፣ መወርወሪያውን ሳያቆም።

“ይኸን ጉድጓድ ይድፈኑት። እኔ እንደሁ አልገባበትም።”

በመንደራችን ባናውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ለሸማኔ ልጅ ልጁን የሚድር ግን የለም። ፍኖተ ሰላም ስማር የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ “ነጋዴ ነው” እል ነበር። በዚያ ውሸትም፣ ለአባቴ በተናገርሁትም ዛሬ አፍራለሁ።

ከቡሬ መተማ፣ ከመተማ ሱዳን፣ ከዚያ በረሃውና ባሕሩ። እናቴ ይህን ስለምታስነብብ ባሕሩን እዘለዋለሁ።

ኖርዌይ ደረስሁና ዓሣ ፋብሪካ ገባሁ። ዝናቡ የቡሬ የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ችግሩ መስከረም አይጠባም። በግ እንደ ጉድ ነው። ገበሬዎቹ ግን ሸልተው ሲያበቁ ጸጉሩን ያቃጥሉታል። አባቴ አንድ ባና የሚሞላ ጸጉር ለማግኘት ስንት ገበያ እንደሚዞር ስለማውቅ፣ ጭሱን ባየሁ ቁጥር የነደደውን ባና እቆጥራለሁ።

አንድ ቀን በአካባቢው ከሚገኝ ጸጉርና ተክል ልብስ ለሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰጥ ቢሮ አለ ሲሉ ሰማሁ። ሶክናድ የሚሉትን ማመልከቻ ሞልቼ ሄድሁ። ኢንግሪድ የምትባል ሠራተኛ አነጋገረችኝ።

“ምርትህ ዘላቂ ነው?”

“አያቴ ሞቷል፤ የሠራው ባና አለ።”

ጻፈችው።

“ምን ያስፈልግሃል?”

“የበግ ጸጉር፣ እንጨት፣ ጉድጓድ።”

ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና “ጉድጓድ የሚል ቦታ የለም” አለችኝ። በወር ውስጥ አንድ ባና ሠርቼ ካላሳየሁ ገንዘቡ ለሌላ አመልካች እንደሚያልፍም ነገረችኝ። ከዓሣ ፋብሪካው የሚያወጣኝ ያ ብቻ ነበር።

አከራዬ ኦላቭ የሚባል ሽማግሌ ነው። ወለሉ አፈር የሆነ ጎተራ አለው።

“ጎተራዎን ልቆፍር?”

“ለምን?”

“እግሬን ላስገባበት።”

“ያከራየሁህ ቤት ለእግርህ አልበቃም?” አለና ትንሽ አስቦ “በግራ በኩል አትቆፍር፤ ውሻዬን የቀበርሁት እዚያ ነው” አለኝ።

ሽመናውን እጄ ያውቀዋል። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲረግጥ እኔ ከጎኑ መወርወሪያውን እወረውር ነበር። እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ እቆም ነበር። ልክ ደረቴ ድረስ ነበር። ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ደረቴ ድረስ ቆፈርሁ። ከእንጨት የሠራሁትን መርገጫ አስገብቼ ጠርዙ ላይ ስቀመጥ እግሬ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ መርገጫው ከታች ቀረ።

ኦላቭ መጥቶ አየውና “ማንን ልትቀብር ነው?” አለኝ።

ወሩ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው አባቴ ጋ ደወልሁ። ሽመና ልጀምር ነው፣ ጉድጓድም ቆፍሬያለሁ አልሁት። ጥልቀቱን ብቻ ጠየቀኝ።

“ደረቴ ድረስ ነው፣ አባዬ።”

“ያኔ ጉድጓዴ ውስጥ ስትቆም እኮ ሰባት ዓመትህ ነበር።”

ይኸ አልታሰበኝም ነበር።

“እስቲ የእርስዎን ይለኩልኝ።”

“ደፈንሁት እኮ። አንተው አይደለህ ድፈነው ያልኸኝ? በሄድህ በሳምንቱ ደፈንሁት።”

“ታዲያ የት ሁነው ይሠራሉ?”

“አልሠራም።”

ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

“በል አሁን ተቀመጥ። ከጉልበትህ እስከ ተረከዝህ በስንዝር ለካ።”

ለካሁ። “ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት።”

“በአንተ ስንዝር?”

“አዎ፣ በእኔ።”

“እጅህ አሁን ምን ያህል ሁኗል፣ ልጄ? እኔ የማውቃት መወርወሪያ የምትወረውረዋን ትንሿን ነው።”

እጄን ስልኩ ፊት ዘረጋሁት። የአባቴ ስልክ ምስል አያሳይም።