ክላርኔት በተገለበጠ እጅ

ቂም መያዝ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሑድ እሑድም ይነገረኛል። ክላርኔት የተማርኩት ግን በቂም ነው። ዛሬ ቂሜን ብክድ ውለታ ቢስ እሆናለሁ፤ ከቂሜ በቀር ጠዋት ጠዋት ቀስቅሶ የሚያስጠናኝ አስተማሪ አልነበረኝም።

ከዚያ በፊት እርግጥ አስተማሪ ነበረኝ። ቦንጋ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ አዳራሽ ሙዚቃ የሚያስተምር ሰው መጥቷል ሲባል የሰማሁት በትምህርት ቤታችን የመምህራን ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ድሮ በማርሽ ባንድ የነፋ፣ ስድሳ የተጠጋ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብና ጭቃ መሃል ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ፊት ለፊቱም እርስዎ እላለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አልለውም።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ የሺሺንዳ ልጅ። ልጅ ሆኜ በሬዲዮ ክላርኔት ሲሰማ የያዝኩትን ሥራ እተው ነበር፤ እናቴ ከተቆጣችኝ ቁጣ ግማሹ በዚያ ምክንያት ባረረ ወጥ ነው። ስለዚህ ምዝገባ ተጀመረ በተባለበት ቀን ቀድሜ ተገኘሁ። እናቴ የላከችልኝን ማርም፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ከነሰፈፉ፣ ይዤለት ሄድኩ። ማንም አምጪ አላለኝም። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ማር ነው።

ዘጠኝ ተማሪዎች ነበርን። ሙሉ ክላርኔት ያለው እሱ ብቻ ነው። እኛ የገዛነው ጫፉን ብቻ ነበር፤ አፍ ውስጥ የሚገባውን፣ ሪድ የሚሏት ስስ የሸምበቆ ቁራጭ የምትታሰርበትን። መጀመሪያ ከንፈር፣ ጣት በኋላ የሚል ሕግ ነበረው። ሁለት ወር ሙሉ ዘጠኝ ትልልቅ ሰዎች ያችን ጫፍ ይዘን እንደታነቀ ዶሮ ስንጮህ ከረምን። ከንፈሩ የተስተካከለለትና የሰማውን ድምፅ በአፉ መመለስ የቻለ ሰው ወደ ፊት ይጠራና ሙሉውን ክላርኔት ይጨብጣል። አንድ በአንድ ተጠሩ። የእኔ ተራ የደረሰው በዘጠነኛው ቅዳሜ ነው።

አንድ ድምፅ ነፋና በአፍሽ መልሺው አለኝ። መለስኩ፤ አይደለም አለ። ደገመው፤ አሁንም ሳትኩ። በሦስተኛው ክላርኔቱን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ለእኔ ሳይሆን ለስምንቱ ተናገረ።

«እግዜር ለእሷ የሰጣት ጉትቻ ማንጠልጠያ ነው፤ ጆሮ አይደለም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የእነሱን ሳቅ ይቅር ብያለሁ፤ የራሴን ግን እስካሁን አልቻልኩም። ቀጥሎ ረጋ ብሎ፣ ያዘነልኝ ይመስል፣ አድማጭ ብሆን እንደሚሻለኝ፣ ሙዚቃ ጥሩ አድማጭም እንደሚያስፈልገው አስረዳኝ። ጆሮ ውጫዊ፣ መካከለኛና ውስጣዊ ክፍል እንዳለው በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ለምስለው ለእኔ ነው ይህን የሚያስረዳው። በባጃጅ ስመለስ ጉትቻዎቼን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ባለባጃጁ አንዱ ጠፋብሽ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት።

በዚያው ሳምንት የምፈልገውን ቆረጥኩ። እሱ ባለበት አዳራሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት እነፋለሁ፤ እሱም ይሰማል፤ ተሳስቼ ነበር ይላል። ከዚህ ሌላ ከክላርኔት የፈለግሁት ነገር አልነበረም። ሙዚቃ ፍቅር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ይቀየሙኝ ይሆናል።

ያገለገለ የፕላስቲክ ክላርኔት በአዲስ አበባ ዘመድ አስገዛሁ። በጅማ በኩል በሚኒባስ መጣልኝ፤ ረዳቱ በስኳር ጆንያ ተጠቅልሎ ሲያቀብለኝ የቧንቧ ዕቃ መስሎት ነበር። አከራዬ ሁለት ቀን ታገሱኝ። በሦስተኛው ቀን በካፊኖኖ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬን እንደማልሰማ ይመስል፣ ጥጃ ቤት ውስጥ እንዳስገባሁ ለጎረቤት ሲነግሩ ሰማኋቸው። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ ቁልፍ ስለምይዝ ከክፍል በፊትና ከክፍል በኋላ እዚያ መንፋት ጀመርኩ።

አስተማሪዬ ስልኬ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኔትወርክ ደህና ሲሆን ቪዲዮዎቹን አወርዳለሁ፤ ከዚያ ስልኩን ማይክሮስኮፑ ላይ አስደግፌ ሰውየው የሚያደርገውን አደርጋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አስተማሪ ቢኖረኝ በአንድ ቀን የሚነግረኝን እኔ በአራት ወር ነው የደረስኩበት። ሪዷን ከፍ አድርጌ እያሰርኩ ከንፈሬን አደማሁ። ክፍሎቹ የሚጋጠሙበት ቡሽ ሲደርቅብኝ ቅቤ ቀባሁት፤ በሳምንቱ የክላርኔቱን ሣጥን በረሮ ወረሰው። እስትንፋስ ከሆድ እንደሚወጣ ያወቅሁት፣ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ሳለ ያሳፍራል፣ ሁለት ጊዜ ራሴን ስቼ ወንበር ላይ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

ጆሮዬን ግን ሠራሁት። በየቀኑ አንድ ድምፅ ነፍቼ በአፌ እመልሳለሁ፤ ስልኬ ላይ የጫንኩት የድምፅ መለኪያ ልክ ነው እስኪለኝ አልለቀውም። አንዳንዱ ድምፅ ሳምንት ፈጀብኝ። በስድስተኛው ወር የትምህርት ቤቱን ደወል ሰምቼ በየትኛው ድምፅ እንደሚመታ አወቅሁ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። ጆሮ ይሠለጥናል ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ይህን እያወቀ ነው ሕዝብ ፊት ያሳቀብኝ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ጉዴን ያወቅሁት። አንድ አዲስ ቪዲዮ ነፊውን ከኋላው፣ ከትከሻው በላይ ያሳያል። ግራ እጁ ከላይ፣ ቀኝ እጁ ከታች ነው። ወደ እጄ አየሁ። የእኔ ቀኝ ከላይ፣ ግራ ከታች። ፊት ለፊቴ የቆመውን ሰው እንደ መስታወት ስከተለው ኖሬአለሁ ማለት ነው። ታችኞቹን ሁለት ድምፆች ለምን ማውጣት እንዳቃተኝ ያኔ ገባኝ፤ የትንሿ ጣት ቁልፎች የተደረደሩት በቀኝ በኩል ነው፣ የእኔ ትንሽ ጣት ደግሞ የምትመጣው ከግራ። እጆቼን ለማዞር ሞከርኩ። ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑብኝ፤ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ተውኩት። ታች የማይወርዱ ዜማዎችን መረጥኩ፤ የወረዱትን ደግሞ ዘለልኩ፤ ሰው ሲመጣ ወደ ጎን ዞሬ መቀመጥ ለመድኩ። ይህን ነውር ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ርዕሰ መምህራችን ቢሮው ከቤተ ሙከራው ጎን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች በዓል እንድነፋ ጠየቀኝ። የመድረኩን ሙዚቃ የሚያሰናዳው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ያንን ሰው ከነተማሪዎቹ እንደጋበዘ ነገረኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ እንኳ በቅጡ አልበላሁም፤ ፈርቼ አይደለም፣ ቸኩዬ ነው።

በበዓሉ ቀን መድረኩ ላይ ከትልቁ የአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ወንበር አስደረግሁ፤ እጆቼን እንዲሸፍንልኝ። እሱ ከታች፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመድ ያስተካክል ነበር። ስጀምር ገመዱን ተወው። አንድ የድሮ ዜማ ነው የነፋሁት፤ ቀስ ብዬ፣ አንድም ድምፅ ሳልስት። ጀርባውን እያየሁ ነው የጨረስኩት። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከሺሺንዳ የመጣችው እናቴ ቆማ አጨበጨበች። እሱም ዞረ፤ እያጨበጨበ ወደ መድረኩ ወጣ። አሁን ነው፣ አሁን ይላል አልኩ በልቤ። ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ይህቺ መምህርት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ አንዷ ናት» አለ። «ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ። ትጋት ካለ ሁሉም እዚህ ይደርሳል፤ ምዝገባ ሐምሌ ላይ ነው።»

ጭብጨባው በእጥፍ ጨመረ፤ ለእሱ። እናቴ ሳትቀር እጅ ነሳችው። ሁለት ዓመት ከበረሮ ጋር የኖርኩት፣ ከንፈሬን ያደማሁት፣ ለዚህ ሰው ምዝገባ ማስታወቂያ ልሆን ነው። አሁን ብቀመጥ አገሬው በሙሉ የእሱ ተማሪ እንደሆንኩ ያምናል፤ እስክሞት ድረስም እንዲያ እባላለሁ። ብናገር ደግሞ ማስረጃዬ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ያችው ነውሬ።

ተነሳሁ። ከአበባው ጀርባ ወጥቼ መድረኩ መሃል ቆምኩና ማይክሮፎኑን ጠየቅሁት። የማመሰግነው መስሎት ወደ እኔ አዘነበለው እንጂ አልለቀቀውም።

«ጋሼ» አልኩት፣ «እርስዎ ካስተማሩኝ አያያዜን ይዩልኝ።»

ክላርኔቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩ፤ ቀኝ ከላይ፣ ግራ ከታች። ከፊት ወንበር ላይ ካሉት ተማሪዎቹ አንዱ ሳቀ። ሌላው ለጎኑ ሰው እያሳየ አስረዳው፤ ሳቁ ወደ ኋላ ሄደ። ጫማ ግራና ቀኝ አቀያይሮ አደባባይ እንደወጣ ሰው ቆሜአለሁ፤ ፊቴ ይነዳል። እሱ ግን አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ጣቶቼን አያቸው።

«እጅሽ ተገልብጧል» አለ፤ ማይክሮፎኑ መሃላችን እንደነበር የረሳው ይመስለኛል።

«እርስዎ ነዎት እንዲህ ያስያዙኝ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግራኝ ስለሆነች ነው ቢል፣ ሆን ብዬ ነው ቢል፣ አዳራሹ ያምነው ነበር። ግን ነፊ ነው፤ ይህን አልነሳውም። ያንን አያያዝ በስሙ ማስመዝገብ አልቻለም።

«እኔ ማንንም እንዲህ አስይዤ አላውቅም።»

«ታዲያ ማን አስተማረኝ?»

«ማንም» አለ፣ ድምፅ ማጉያውም ለመላው ግቢ አሰማው። «አንቺን ማንም አላስተማረሽም።»

ደስ አለኝ። ደስታዬ ትንሽና ክፉ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከጉሮሮዬ እስከ ጉልበቴ ሞላኝ። ሰዉ መጀመሪያ በእኔ፣ ቀጥሎ በእሱ ሳቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ፤ በዚህ ጊዜ ለማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። በር ላይ ጠበቀኝ። ይቅርታ አላለም። ቅዳሜ እንድመጣ፣ በአራት ወር እጄን እንደሚያስተካክልልኝ፣ ክፍያ እንደማይፈልግ ነገረኝ። ቅዳሜ ሥራ አለኝ አልኩት። ቅዳሜ ሥራ የለኝም።

ይልቅ ሌላ ነገር አደረግሁ። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በቤተ ሙከራው አጥር ሥር አልፎ ነው ወደ አዳራሹ የሚሄደው። መስኮቱን ከፍቼ፣ ልክ ሲያልፍ፣ መጨረሻው ወደ ታች የሚወርድ ዜማ እነፋለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ አቆማለሁ፤ የመጨረሻዋን ድምፅ አልነፋትም። ሌላ ሰው አያስተውልም። እሱ ግን ያስተውላል፤ ሲያስተምር ሲውል ያች የጎደለች ድምፅ ጆሮው ውስጥ ስትበላው እንድትውል ነው የምፈልገው። ፍርዱ ተገቢ መስሎኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ቀጣሁት።

አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ነፋሁና መጨረሻው ላይ አቆምኩ። ከአጥሩ ወዲያ ፉጨት ተሰማ። የጎደለችዋ ድምፅ ነበረች፤ በቦታዋ፣ በልኳ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ጃንጥላውን እንደያዘ መንገዱን ቀጠለ። ዜማውን አብረን ጨረስነው ማለት ነው፤ ያውም ያለ ፈቃዴ። ብስጭቴ ያን ያህል ሆኖ አያውቅም፤ አዳራሹ ውስጥ ሲስቁብኝ እንኳ።

ሰኞ ጠዋት እጆቼን አዞርኳቸው። ግራ ከላይ፣ ቀኝ ከታች። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሁሉ ጠፋ፤ ተማሪዎቼ መምህርት ምን ነካት ይባባላሉ፤ ርዕሰ መምህሩም ለዘንድሮው በዓል ሌላ ሰው ፈልጓል። ሰባት ወር ሆነኝ፤ መስኮቱ ዝግ ነው፤ የሚያስተምረኝም የለም። ባለፈው ሳምንት ታችኛዋ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣች፤ ሻካራ ነች፣ ትንቀጠቀጣለች። ጠርታ ስትወጣ መስኮቱን ከፍቼ እሱ ሲያልፍ ዜማውን እስከ መጨረሻው እነፋዋለሁ፤ የሚሞላልኝ ቦታ አያገኝም።