ካቡ እስከ ዝግባው

ከሞጣ ወጣ ብላ ባለችው ደብራችን ጫካ ውስጥ ተማሪዎችን እየተቀበለች ስለ ዛፍ የምታስተምር ባንቺዓለም የምትባል ሴት አለች። ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደ ገባች ሲወራ የምሰማው ሁሉ ውሸት ነው። ጎረቤቷ ነኝና የማውቀውን ልጻፍ። የደብሯን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ።

ውሸቱን የሚያወራው የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር የነበረው ደምለው ነው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ጫካውን ያዳንነው እኛ፣ እሷንም ለዚህ ያበቃናት እኛ» ይላል። ደምለው ወፍጮ ቤት አለው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ደግሞ ሰፊ የባሕር ዛፍ መሬት አለው። ለእርሱ ዛፍ ማለት ቀጥ ብሎ አድጎ የሚሸጥ ነገር ነው፤ የቀረውን ሁሉ ቁጥቋጦ ይለዋል። አንድ ክረምት የችግኝ ተከላ ዘመቻ ተደርጎ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ስለመጣ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ችግኙን ከነላስቲኩ ቀበረው። ባንቺዓለም ቀስ ብላ፣ «አያ ደምለው፣ ላስቲኩ ይውለቅ እንጂ» ብትለው፣ «ሥሩ ሲጠነክር ራሱ ይቀደዋል» አላት። በኅዳር ችግኙ ደርቆ ሲገኝ በሰው ፍየል አሳበበ።

ባንቺዓለም ቢቸና ነው የተወለደችው። በልጅነቷ እዚያው ቢቸና ችግኝ ጣቢያ በቀን ሥራ ገብታ በላስቲክ አፈር ስትሞላ፣ ውሃ ስታጠጣ ነበር። ያን ጊዜ ዛፍ አትወድም ነበር፤ ጀርባዋን የሚያሳምማት ሥራ ነበር፣ በቃ። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት አግብታ ወደ እኛ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ሴት ነበረች፤ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች።

በእኛ ዘንድ ያልተጠመቀ ሕፃን ከመቃብሩ ቦታ አይገባም፣ ፍትሐትም አይፈታለትም። ሴቶች በነጠላ ጠቅልለን፣ በጫካው በኩል ወደ ገደሉ አፋፍ ወርደን፣ ከአንድ ዛፍ ሥር እናሳርፈዋለን። ወንዶች አብረው አይወርዱም። ምልክት አይቆምም፤ ምልክቱ ዛፉ ነው። የባንቺዓለም ልጅ ከትልቁ ዝግባ ሥር ናት።

ባንቺዓለም ታዲያ ጸበል ልቀዳ ነው እያለች ትወርድ ጀመር። ፍየል ስታገኝ ታባርራለች። ቅርንጫፍ የሚመለምል ስታገኝ ዝም ብላ ፊቱ ትቆማለች፣ ሰውዬው አፍሮ እስኪሄድ። ከዝግባው የወደቀውን ፍሬ ስታይ የቢቸናው ሥራ ትዝ አላት። ፍሬውን ለቅማ በላስቲክ ዘራችው። የበቀለውን ከእናቱ ሥር መልሳ ተከለችው፣ በእሾህም አጠረችው። የዶቅማ ፍሬ ሊለቅሙ የሚመጡትን ልጆች ደግሞ ሳታባርር ታስቀምጣቸው ነበር። ትምህርቷ እንዲህ ነው የጀመረው። አንድ እፍኝ አፈር ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ እፍኝ ከዝግባው ሥር ታመጣለች።

«አሽትቱ» ትላቸዋለች።

«ይኼኛው ምንም አይሸትም፣ እትዬ ባንቺ።»

«እሱ የአያ ደምለው ነው።»

ልጆቹ ይስቃሉ፣ ከዚያም ያሸትታሉ። ወሬው የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ጆሮ ሲደርስ እነርሱም ተማሪዎቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሰበካ ጉባኤው ቤተ ክርስቲያኑ በድንጋይ ካብ ይታጠር ብሎ ወሰነ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ከብት አይገባም፣ ገበሬውም ከማሳው ለሚለቅመው ድንጋይ ማራገፊያ አገኘ። ደምለው ግን የካቡን መስመር የሚያሳየውን ገመድ የዘረጋው በመቃብሩ ጠርዝ ነው። ገደሉ አፋፍ ያለው ዛፍ በሙሉ ውጭ ቀረ። ካብ ከተካበ በኋላ ውጭ የቀረ ዛፍ የታቦት መሆኑ ያበቃል፤ መጥረቢያ የያዘ ሁሉ ይወርድበታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ባሕር ዛፍ የማን እንደሆነ ደግሞ ሁሉ ያውቃል። የተናገረ ወንድ ግን አልነበረም። ለቤተ ክርስቲያን እንሞታለን የሚሉት ሁሉ ደምለው ወፍጮውን እንዳይዘጋባቸው ፈሩ።

ባንቺዓለም ናት የሄደችው።

«አያ ደምለው፣ ገመዱ ዝግባውን አልያዘውም።»

«መቃብሩን ይዟል። ከመቃብሩ ወዲያ ምን አለ?»

«ዛፍ አለ።»

«ለዛፍ ነው እንዴ ቤተ ክርስቲያን የሚታጠረው? በይ እንግዲያ አንቺ ዛፉን ክርስትና አንሺው።»

ወንዶቹ ሳቁ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ኪዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሌላ ያደረጉት ነገር የለም።

ባንቺዓለም ትታቸው ሄደች። በዚያ ሳምንት ግን በየቤቱ ዞረች፣ ሴቶቹን ብቻ እያነጋገረች። እኔንም፣ «ድንጋይሽን የት እንደምታወርጂ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝና ሄደች።

የካቡ ሥራ የተጀመረው በማርያም ቀን ነው፤ እርሻ ስለማይታረስ። ሴቶች ድንጋይ በጀርባ ያመጣሉ፣ ወንዶች ይክባሉ። መጀመሪያ የደረሱት እማ ይርጋነሽ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከሁላችን ይበልጣል። ገመዱን ተሻግረው ቁልቁል ወረዱ።

«እማ ይርጋነሽ፣ ገመዱ አልታየዎትም?» አለ ደምለው።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ድንጋዩን የት ሊያደርሱት ነው?»

«ከሁለቱ ልጆቼ ዘንድ። ካብህ እነሱን ውጭ የሚያስቀር ከሆነ እኔንም ስሞት ከነሱ ጋር ውጭ ቅበሩኝ።»

ከኋላቸው ያለነው ተከተልን። አንዷ ከወይራ ሥር፣ አንዷ ከኮሶ ሥር፣ ባንቺዓለም ከዝግባዋ ሥር ድንጋይዋን አወረደች። ያን ሁሉ ዓመት እርስ በርሳችን እንኳ ተነጋግረን የማናውቅ፣ ያን ቀን የማን ልጅ የት እንደሆነ ተያየን። ወንዶቹ ባዶ እጃቸውን ከገመዱ አጠገብ ቀሩ። አንዳንዱ ሚስቱ የት እንደቆመች አንገቱን አስግጎ ይፈልግ ነበር፤ ልጁ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ አያውቅማ።

በመጨረሻ የመጣችው አየሁሽ ናት፣ የደምለው ሚስት። እግሩ አጠገብ ገመዱን ተሻገረች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?» አላት።

ቆመች፣ ግን አልዞረችም።

«ከበኩር ልጅህ ዘንድ። የት እንዳለ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ወርዳ ከዋንዛው ሥር ድንጋይዋን አኖረች። ደምለው የገመዱን ጫፍ ሲጠቀልል፣ ሲፈታ ቆየ። ቄስ ወልደ ኪዳን እንደገና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የሚያስፈራ ነገር ካለፈ በኋላ ድፍረታቸው ይመጣል።

«ገመዱ ይውረድ» አሉ።

ካቡ በገደሉ አፋፍ ዞረ፤ የእኛን ድንጋዮች መሠረት አድርጎ። ዛፎቹ ሁሉ ውስጥ ናቸው። ባንቺዓለም የዘራቻቸው ዝግባዎች ዛሬ ከሰው ቁመት በላይ ሆነዋል፤ ተማሪዎቹን የምታስቀምጠው በእነሱ መካከል ነው። ሕፃናቱ እዚያ መኖራቸውን ለተማሪ አትናገርም። «እዚህ ቀስ ብላችሁ ርገጡ» ብቻ ትላለች።

ደምለው አሁንም እንግዳ ሲመጣ ጋቢውን ለብሶ ካቡ አጠገብ ይቆማል። ገመዱን እንዴት እንደ ዘረጋ፣ ስለ ጫካው እንዴት እንደ ተጨነቀ ያወራል። ባንቺዓለም አታስተባብለውም። አየሁሽ ግን እንስራዋን አዝላ በዚያ በኩል ካለፈች፣ ንግግሩን በአጭሩ ይቋጫል።