ሁልጊዜ ቀድማ የምትሞተው

ሙያዋ ፀጉር ሥራ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቃት ግን «ሟቿ» በሚል ስም ነው። በትርፍ ጊዜዋ በልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ላይ ትተውናለች፤ ሚናዋም ሁሌ አንድ ነው። ድምፅ ትሰማለች፣ «ማነው?» ትላለች፣ ብቻዋን ወደ ጨለማው ትገባለች፣ በቃ። ደንበኞቿ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ «በዚህኛውስ ምን አድርገው ገደሉሽ?» ይሏታል። እሷም ፀጉር እየጠቀለለች «አንቀው» ትላለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ያልቀለለው ለእናቷ ነው። እናትየው የልጃቸው ፊልም እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም፤ በር ሲጢጥ ማለት ሲጀምር ግን ብድግ ብለው ወደ ጓዳ ይገቡና ከዚያ ሆነው «አለቀ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን አሟቸው መነሳት አቃታቸው፤ ቁጭ ብለው ሁሉንም አዩት። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ከሥራ በገባች ቁጥር አንገቷን ይዳስሱ ጀመር።

ቀጣዩ ቀረጻ ላይ ዳይሬክተሩን ለብቻው ጠርታ «አንዴ እንኳ ልትረፍ» አለችው።

«የኔ እህት፣ ይሄ ዓይነት ፊልም ሥርዓት አለው» አላት። «መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ካልሞተ ተመልካቹ አይፈራም። ዋናዋን ልግደላት? ፖሊሱን ልግደለው? ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«እሺ ልሙት። ግን ብቻዬን ለምን እገባለሁ? ጤነኛ ሰው እኮ ጎረቤት ይጠራል።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። ካሜራ ያዡ ግን «እውነቷን ነው፤ እናቴም ቴሌቪዥኑን የምትሳደበው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው» አለ። ዳይሬክተሩ ራሱን አከከና «እስቲ ሞክሪው» አላት።

ድምፁን ሰማች። ወደ ጨለማው አየት አድርጋ ዞረችና የጎረቤቱን በር መደብደብ ጀመረች። ከበሩ ጀርባ የተዘጋጀ ተዋናይ አልነበረም። መልስ ስታጣ ድምፅዋ እየሰለለ «እባካችሁ» አለች። ሌላ ጊዜ ሲገድሏት ስልካቸውን ይነካኩ የነበሩት የቀረጻ ሠራተኞች ሁሉ ቀና አሉ። መብራት የሚይዘው ወፍራም ሰውዬ አላስቻለውም፤ ማንም ሳያዘው ሄዶ ከፈተላት።

«በቃ፣ አንተ ትሞታለህ» አለው ዳይሬክተሩ፣ ቀረጻው ሲያበቃ። ሰውዬው ደስታውን አልቻለውም።

ፊልሙ ሲወጣ እናትና ልጅ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ሆነው አዩት። እናትየው የልጃቸውን እጅ ጨምድደው እስከ መጨረሻው አልተነሱም። ሲያልቅ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስልም።

«ያ በሩን የከፈተው ደግ ሰውዬ ምን በወጣው?» አሉ።

«እማዬ፣ ደህና ነው እኮ። የሥራ ባልደረባዬ ነው።»

«እስቲ ደውዪለት።»

ደወለችለት። እናትየው ስልኩን ተቀብለው «ልጄ፣ አለህ ወይ?» አሉት።

«አለሁ እማማ፤ ምን እሆናለሁ» አለ ሰውዬው፣ አፉ ምግብ እንደያዘ።

«ብላ፣ ብላ» አሉትና ስልኩን መለሱላት።