ጌታሁን ገባ፣ ጌታሁን ወጣ

ጌታሁን ከሞተ በኋላም በየቀኑ ሥራ ይገባ ነበር። ይህን የምታውቀው ትሕትና ብቻ ነበረች።

ትሕትና ቴፒ ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ የቡና እርሻ ዋና ቢሮ ኔትወርክ የምትጠብቅ ልጅ ናት። ሥራውን ያስተማራት ጌታሁን ነው። በየቅርንጫፉ መስመር የሚያከፋፍሉት ስዊቾች የሚገጥማቸውን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ መብራት ሲሄድ፣ ገመድ ሲነቀል፣ ሰው በስሙ ሲገባና ሲወጣ። አንዱን ቅጂ ለራሳቸው ያስቀራሉ፣ ሌላውን ወደ ዋናው ሰርቨር ይልካሉ። ደረሰ አልደረሰ ብለው ግን አይጠይቁም። ጌታሁን፣ ሰሚ ካላገኙ እንዳልተናገሩ ይቆጠራል ይላት ነበር።

የሞተው ባለፈው ነሐሴ፣ አርብ ቀን ነው። ዕቃ ሊገዛ ሚዛን ከተማ ሄዶ አድሮ ነበር። ከወንዝ ማዶ ያለው የቡና ማጠቢያ መስመሩ ስለተቆረጠ፣ ሲመለስ በሞተር ሳይክሉ በዚያው በኩል እንዲያልፍ ታዘዘ። ቀትር ላይ ድልድዩ አጠገብ ደራሽ ውሃ ወሰደው። የውሃውን ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ከቀብሩ በኋላ ቢሮው የማጠቢያውን ስዊች አስነበበ። መስመሩ ተቆርጦ ስለነበር ሰርቨሩ ጋ የደረሰ ነገር የለም፤ የዚያን ቀን ነገር የያዘው ስዊቹ ራሱ ብቻ ነው። ጌታሁን ገባ፣ 6:00። ጥቂት ቆይቶ፣ ጌታሁን ወጣ። ኮምፒውተር የሚያወራው በፈረንጅ ሰዓት ነውና ይህ ንጋት ነው ተባለ። ሚዛን ያደረ ሰው ንጋት ላይ እዚያ ምን ያደርሰዋል? ማዶ ሰፈር ቢያድር ነው እንጂ! ሥራውን በማለዳ ከጨረሰስ እስከ ቀትር የት ነበር? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ እኛ ሴት ጨመርንበት። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም፣ የቤቷን ቆርቆሮ አየሁ የሚል ግን አልጠፋም። የማጠቢያው ዘበኛ ኸይሩ ለጁምዓ እስክሄድ ድረስ ከበሩ አልተነቃነቅኩም፣ ማንም አልመጣም ብሎ ቢምል፣ ተኝተህ ነው አሉት።

ወሬው የጌታሁን ሚስት ለተብርሃን ጆሮ ገባ። አርባው ሳይወጣ ጥቁሯን አውልቃ ሻንጣ ውስጥ ቆለፈችበት። ሊያጽናናት ለሚመጣው ሁሉ ለማን ብዬ ነው የማለቅሰው ትል ጀመር።

ትሕትናን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። ጌታሁን በሕይወት ሳለ፣ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በእሱ ስም ወደ ስዊቾቹ ሁሉ እየገባ ደህንነታቸውን አይቶ የሚወጣ ትእዛዝ ሰርቨሩ ላይ ጽፎ ነበር። ትእዛዙ ባለቤቱ እንደሞተ የነገረው የለም። ትሕትና ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ግን ስሙ ስክሪኗ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። የጸሎት ቤት ልጅ ነኝ፣ የሙታን መንፈስ አልፈራም ትላለች፤ በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ግን አትቀመጥም። አንዳንዴ ወንበሩ ሲንቋቋ ትሰማለች። መጨረሻ ላይ ስሙ ያለባቸው መስመሮች ስክሪኗ ላይ እንዳይታዩ አደረገች። አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

ጥር ላይ አለቃዋ ዓለምሰገድ የሟቹ ስም ከሰርቨሩም ከስዊቾቹም ይሰረዝ አላት። እውነቱን ነው፤ የሞተ ሰው መግቢያ ክፍት አይተውም። ትሕትና ግን ሳትሰናበተው መሰረዝ ከበዳት። ምሳዋን ትታ ብቻዋን ተቀመጠች፣ የደበቀችውንም ገለጠች።

እኩለ ቀን ሲሆን መጣ። ጌታሁን ገባ፣ ጌታሁን ወጣ፤ ከዋናው ግቢ፣ ከመጋዘኑ፣ ከማድረቂያው። ሁሉም 12:00 ይላሉ። በመጨረሻ ከወንዝ ማዶ፣ ከማጠቢያው መጣ። ይኼኛው 6:00 ይላል። ሰርቨሩ መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት በራሱ በኩል ይጽፋል፤ እሱ ደግሞ 12:00 ብሏል።

ትሕትና ሁለቱን ሰዓቶች ደጋግማ አነበበች። ሌሎቹ ስዊቾች ሰዓታቸውን ከሰርቨሩ ይወስዳሉ። ያ አሮጌ ስዊች ይህን አይችልም፤ ሲተከል ሰዓቱን የሞላለት ጌታሁን ራሱ ነው፣ የእጅ ሰዓቱን አየት አድርጎ። እጁ ላይ ያሰረው ደግሞ እንደ ማናችንም የሐበሻ ሰዓት ነበር። ስድስት የተባለው የእኛው ስድስት ሰዓት ነው፣ ቀትር። ያን ቀን መስመሩ ተቆርጦ ስለነበር የገባው የሰርቨሩ ትእዛዝ ሊሆን አይችልም፤ ራሱ ነው። ኸይሩ ጁምዓ ሄዶ ሳለ ደረሰ፣ ስዊቹን አየ፣ ገመዱ የሚያልፍበትን ድልድይ ሊያይ ወረደ። የት ነበር የተባለበት ግማሽ ቀን ጭራሽ አልነበረም።

ስሙን ሳትሰርዝ ወጥታ ለተብርሃን ቤት ሄደች። ለተብርሃን ደጃፏ ላይ ያሰጣችውን ቡና እያገላበጠች ነበር። ትሕትና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ሳይገባት ሲቀር ደግማ ነገረቻት። ሴትዮዋ ቡናውን ማገላበጥ አቆመች።

"ሰዓቱን የሞላው ራሱ ነው?"

"ራሱ ነው፣ እትዬ ለተብርሃን።"

"ያን ቀን ጠዋት ደውሎ ከሚዛን ልነሳ ነው፣ ለምሳ እደርሳለሁ አለኝ። ያ ወሬ ሲመጣ፣ ሲዋሸኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምሳውን አቅርቤ ስጠብቀው ነበር እኮ፣ ልጄ።"

ተነሥታ ገባች። የሻንጣው ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ጥቁሯን ለብሳ ወጣች፣ እንደተጣጠፈ የቆየው ቀሚስ እጥፋቱ ገና አልለቀቀም፤ ከቡናው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ስሙን ጠርታ ጮኸች።

እኛ ጎረቤቶቿ ማን ሞተ እያልን ደንግጠን መጣን። ትሕትና ጋሽ ጌታሁን ነው አለችን፣ ምክንያቱንም ነገረችን። ማንም ተነሥቶ አልሄደም። ቆርቆሮውን አየሁ ያለው ሰውዬም መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ።