የተረተርኩት ስፌት

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ቶሮንቶ ፍሌሚንግደን ፓርክ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ነበርኩ፤ የሚያርሰኝ ዘመድ ግን አልነበረኝም። በየቀኑ ሾርባ ይዘው የሚመጡት ፊት ለፊታችን ባለው አፓርትመንት የሚኖሩት ፊሊፒናዊት አሮጊት ብቻ ነበሩ። አገራቸው ከሐይቅ በላይ ያለ ደጋ ነው፤ ሕዝባቸው ማራናዎ ይባላል። "ባቦ በይኝ" አሉኝ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

አንድ ቀን ባለጥበብ ሐምራዊ ጨርቅ ሰጡኝ። ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ የተሰፋ፣ ቂጥ የሌለው ጆንያ የመሰለ ነገር ነው። ሰፊው ተሳስቶ ነው ብዬ ክሩን በምላጭ አንድ በአንድ ተረተርኩት። ከዚያ ለልጄ ክርስትና እንደ ነጠላ አጣፋሁት።

ባቦ ድግሱ ላይ መጡና ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ ቀረ። ስፌቱ የነበረበትን በጣታቸው ዳበሱት።

"ምን ነካው?"

"ተሳስተው ሰፍተውት ነበር ባቦ፤ እኔ አስተካከልኩት!" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ይሄ እኮ ማሎንግ ነው፤ ውስጡ ተገብቶ ነው የሚለበሰው። ሕፃንም የምናዝልበት ስፌቱን ተማምነን ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባቦ እጄን መታ መታ አድርገው ወጡ። ተቀየሙኝ ብዬ ሳለቅስ አደርኩ።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ባቦ ናቸው። እናታቸው እዚያ ደጋ ላይ የሸመኑላቸው፣ ከላያቸው የማይለዩት የራሳቸው ማሎንግ ስፌቱ ተተርትሮ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"እስቲ ነይ፣" አሉኝ፣ "እንዳንቺ አርገሽ አጣፊልኝ።"