ግማሽ ክኒን

ባለፈው ሳምንት ሳሮን መጣች። የድሮ ጎረቤቶቼ ልጅ ናት፤ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ትማራለች። «የአዛውንቶችን ጤና እያጠናን ነው» ብላ ደም ግፊቴን ለካች፤ ከዚያ ፎርሟን ዘርግታ የጥያቄ መዓት አወረደችብኝ። እንቅልፌን ጠየቀችኝ፤ ጨዌን ጠየቀችኝ፤ ጉልበቴን ጠየቀችኝ። ደከመኝ።

«እማማ፣ ላስት ኩዌስችን ነው፣ ሳዋ፣ እሺ? መድኃኒትዎን ለሌላ ሰው ያካፍላሉ?»

መልሱ አንድ ቃል ነው። እኔን ግን ሩቅ ወሰደኝ። ይህን ጥያቄ ፎርም ላይ ያስጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ያስጻፈበት ምክንያት ግን እንደ እኔ ያለች ሴት መሆን አለባት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከአገር ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ፣ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፣ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል። ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ጨርቅ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ስዋሂሊውን ለቃቅሜ ነበር። በየሰፈሩ እየዞሩ ደም ግፊት ያለባቸውን አዛውንቶች የሚረዱ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከእኛ ሰው ጋር የሚያግባባቸው ሲፈልጉ እኔን አገኙ። ኃላፊያቸው ዶክተር ኪማኒ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። ወቅቱ ዝናብ ነው፤ የኢስሊ ጭቃ ጫማ ያስቀራል። እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የግፊት መለኪያውን በላስቲክ ሸፍኖ ፊት ፊት ይራመዳል። መንገድ ዳር ማንዳዚ የሚሉትን ትኩስ ቦምቦሊኖ ገዝቶ፣ ቆርሶ ያካፍለኛል። ደግ ሰው ነበር። በኋላ ከምናገረው የተነሣ እንዳይጠላብኝ ይህን አስቀድሜ ልበል።

መድኃኒቱ ለሁሉም ስለማይበቃ ዕጣ ተጣለ። የወጣላቸው ወዲያው ይጀምራሉ፤ ያልወጣላቸው ስድስት ወር እየተለኩ ብቻ ይጠብቃሉ። «ሁለቱን ወገን አወዳድረን ሥራችን መጥቀሙን የምናውቀው እንዲህ ነው» አለኝ ዶክተሩ። እኔም በየቤቱ ይህንኑ ተረጎምኩ። ልቤ ግን አልተቀበለውም።

እማማ ዘነበች የደሴ፣ እማማ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናቸው። የአንዷ ልጅ በመንግሥት ጦር፣ የሌላዋ በበረሃ ነበር። ስለዚያ አንድ ቀን እንኳ ሲያወሩ አልሰማሁም። በአንዲት ክፍል፣ በአንዲት አልጋ ላይ ነበር የሚኖሩት። የሁለቱም ግፊት ከፍ ያለ ነው። ዕጣው ለዘነበች ወጣ፤ ለለተብርሃን አልወጣም።

«እኔ ስውጥ እሷ ቁጭ ብላ ልታየኝ ነው?» አሉ እማማ ዘነበች። «ንገሪው ለዚህ ሰውዬ፤ እኛ ኡጋሊውን እንኳ በአንድ ሳህን ነው የምንበላው።»

«ተይው ዘነቡ» አሉ እማማ ለተብርሃን። «አንቺ ቀድመሽ ዳኚና እኔን ታስታምሚኛለሽ። አሞኛል እያልሽ የሸሸሽው ሥራ ሁሉ ይጠብቅሻል።»

«ምን አሉ?» አለኝ ዶክተሩ።

«አመሰግናለሁ ነው የሚሉት» አልኩት።

በማግሥቱ ብቻዬን ምላጭ ይዤ ተመለስኩ። የአንድ ወሩን ክኒን አንድ በአንድ ለሁለት ለሁለት ከፈልኩ። «ግማሹ የእርስዎ፣ ግማሹ የእርስዎ። ለዶክተሩ ትንፍሽ እንዳትሉ።» እኩል ነው፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ትክክል ነው፤ በቃ።

ከወር በኋላ ዶክተሩ ሲለካ የእማማ ዘነበች ግፊት አልወረደም። የቀረውን ክኒን ቆጠረ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ስለዚህ «አንድ አልበቃቸውም» ብሎ በቀን ሁለት አደረገላቸው። የእኔ ደስታ! ያን ጊዜ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ደረሳቸው፤ የሁለቱም ግፊት ወረደ። ዕጣ ያልወጣላቸው ሴት እንዴት እንደተሻላቸው ግራ ሲገባው «ጨው ቀንሰው ነው» አልኩት። እሱም ጻፈው።

ከዚያ የእማማ ለተብርሃን የወንድም ልጅ ከሞምባሳ ላከባቸው። «ለጥቂት ቀን ነው፤ ክኒኑን ይዤ ብሄድ ቢቆጥሩብሽስ?» ብለው ድርሻቸውን ትተው ሄዱ። እማማ ዘነበች ደግሞ ክኒን ተርፎ ቢገኝ ነገሩ ይወጣል፣ እኔም ከሥራ እባረራለሁ ብለው ፈሩ። ሁለቱንም ይውጡ ጀመር። በአራተኛው ቀን ጧት ግቢው ቧንቧ ጋ ውኃ ሊቀዱ ጎንበስ ብለው ሲነሡ ዞረባቸውና ወደቁ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ስደርስ ነርሷ ካርዱን እያየች ሁለት ክኒን አዘጋጅታለች። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ እሳቸው ግን ይሞቱብኛል።

«አትስጫቸው!» ብዬ ጮኽኩ።

ዶክተር ኪማኒ መጣ። ኮሪደሩ ላይ በሐሰት ከተረጎምኩበት ቀን ጀምሬ፣ ምላጩንም፣ ሁሉንም ነገርኩት። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«ያን ቀን ያሉትን ለምን አልነገርሽኝም? በአንድ አልጋ የሚተኙትን ሁለት ቦታ አልከፍላቸውም ነበር።»

«ዕጣ የጣልከው አንተ! ማን ከማን ጋር እንደሚኖር መጠየቅ የማን ሥራ ነበር?»

«የእኔ ነበር» አለ። እኔም በማሸነፌ አልተደሰትኩም። የተኙበት ክፍል ገብቼ እግራቸው ሥር ሳለቅስ እማማ ዘነበች እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«አታልቅሺ የኔ ልጅ። ቁጥሩን ግን አላበላሸሁብሽም።»

ዶክተሩ የሁለቱን ሴቶች ገጽ ከጥናቱ መዝገብ ሰረዘው። ለእማማ ለተብርሃን በራሳቸው ስም መድኃኒት አስጀመረላቸው። እኔን ዳግመኛ አልጠሩኝም። እማማ ዘነበች እስከ ዕለተ ሞታቸው ያለ ከዘራ አልቆሙም፤ ያ ከዘራ መሬት ሲመታ ዛሬም ይሰማኛል።

«እማማ? ኦኬ ነዎት?» አለች ሳሮን።

«አላካፍልም። ጻፊ።»

ጻፈችና እስክሪብቶውን ለፊርማ ሰጠችኝ።

«ከታች ቤት ያሉት ማማ ዋምቡይ ዝርዝርሽ ውስጥ አሉ? ራሳቸውን እያመማቸው በሻሽ አስረው ነው የሚውሉት» አልኳት።

«ኖ እማማ፣ ፕሮጀክቱ ለሀበሾች ብቻ ነው።»

«እኔና እሳቸው በአንድ ደረጃ ነው የምንወጣው።»

«ፕሮፌሰሯን መጠየቅ አለብኝ» አለች ፈራ ተባ እያለች።

«ጠይቂያት። ያልኩትን እንዳለ ንገሪያት፤ አመሰግናለሁ አለች እንዳትዪ።» እስክሪብቶውን ሳልፈርም መለስኩላት። ደክሞኛል፤ ለክርክር የሚሆን ጉልበት የለኝም። ግን ምላጩን ድሮ ጥዬዋለሁ፤ የቀረኝ አፌ ነው።